ፎከስ ስታኪንግ በጣና ዳር፦ የውሃ ተርብን ከዓይኗ እስከ ክንፏ ጥርት አድርጎ ማንሳት

ደንገል ላይ ያረፈችን የውሃ ተርብ በማክሮ ሌንስ ተጠግታችሁ ስታነሱ ዓይኗ ጥርት ሲል ክንፏ ይደበዝዛል፤ ክንፏ ላይ ስታነጣጥሩ ደግሞ ዓይኗ ይጠፋል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) መዝጋት ነው። አያዋጣም። ክሮፕ ሴንሰር (ከሙሉ ፍሬም ያነሰ ሴንሰር) ባለው ካሜራ፣ በ1 ለ 1 ማጉላት (ነፍሳቷ ሴንሰሩ ላይ በእውነተኛ መጠኗ ስታርፍ)፣ ኤፍ 5.6 ላይ የሚጠራው ጥልቀት 0.45 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤፍ 16 ላይ ብትዘጉት እንኳ 1.3 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው፤ የተርቧ ራስ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። በዚያ ላይ በ1 ለ 1 ማጉላት ኤፍ 16 ያላችሁት በተግባር ኤፍ 32 ሆኖ ይሠራል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ጥልቀት አገኘን ስትሉ ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ይለሰልሳል።

ፎከስ ስታኪንግ ሌላ መንገድ ነው። አፐርቸሩን ሌንሱ በጣም በሚጠራበት ቦታ (ኤፍ 4 ወይም 5.6) ትተዉታላችሁ፤ ፎከሱን ከአፍንጫዋ ጀምራችሁ ወደ ኋላ በትንሽ በትንሹ እየገፋችሁ ብዙ ፍሬም ታነሳላችሁ፤ ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ፍሬም የጠራውን ስስ ቁራጭ ለቅሞ አንድ ምስል ይሠራል፤ የፍሬሞቹ ስብስብ ስታክ ይባላል። ሶፍትዌሩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ 40 ፍሬም እስኪነሳ ድረስ ግንዱም፣ ነፍሳቷም፣ ካሜራውም ባሉበት እንዲቆዩ ማድረግ ነው።

ነፋሱንና ሰዓቱን ማወቅ

ባሕር ዳር ላይ የቀኑን ሥርዓት የሚያወጣው ሐይቁ ነው። ጠዋት ውሃው ተኝቶ ያድራል፤ የብሱ ሲሞቅ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ይነሳል። ለስታክ የሚሆነው ጊዜ ከጎሕ ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ከ40 ወዲህ ስለሆነ በ12 ሰዓት ከሩብ ቦታው ላይ መገኘት ነፍሳቱን ለመፈለግ በቂ ጊዜ ይሰጣል።

ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት በአብዛኛው ከአካባቢያቸው ነው። ሌሊቱ ሲበርድ ጡንቻቸው ለመብረር አይታዘዝም፤ ጤዛ ለብሰው ያደሩበት ግንድ ላይ ይቆያሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ብርድ ለሰው ባይመችም ለስታክ የዓመቱ ምርጥ ወቅት ነው። መስከረምና ጥቅምት ሣሩ ረጅም፣ አደይ አበባው ብዙ ስለሆነ ሞዴል አይጠፋም፤ ግንድ በመንጋጋቸው ነክሰው የሚያድሩ ብቸኛ ንቦችን የምታገኙትም እንዲህ ያለው አበባ ውስጥ ጠዋት በማለዳ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሌሊቱም ይሞቃል፤ ያ የጸጥታ ሰዓት በጣም ያጥራል። ክረምት ላይ ዝናብ አባርቶ ነፋሱ ገና ሳይነሳ ያለችው ግማሽ ሰዓት ትሠራለች፤ ካሜራችሁን የምትሸፍኑበት ላስቲክ ግን አይጥፋ።

ነፋሱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። የደንገሉን ጫፍ ተመልከቱ፦ ያ ጸጉር መሳይ ጉንጉን ከተወዛወዘ ከታች ያለው ግንድም እየተወዛወዘ ነው፤ ስታክ ይቅር። ጉንጉኑ ዝም ሲል ጀምሩ። የተርቧ ክንፍ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ደግሞ ጡንቻዋን እያሞቀች ነው፤ ልትነሳ ስለሆነ አዲስ ስታክ አትጀምሩ፤ ያላችሁን ጥቂት ፍሬም አንሱና ልቀቋት።

ዘጌ ከዚህ ሥርዓት ትንሽ ይለያል። የቡናው ጫካ ነፋሱን ስለሚያግደው ረፋዱ 4 ሰዓት ላይም ቅጠሉ ጸጥ ያለበት ቦታ ይገኛል። በልዋጩ ጥላው ጥቁር ነው፤ ያለ ፍላሽ ብዙ አትራመዱም። በገዳማቱ ቅጥር ግቢ ለማንሳት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው፤ ትራይፖድ ዘርግቶ መሬት ላይ መተኛት ደግሞ ለማንም እንግዳ ነገር ስለሆነ ምን እያነሳችሁ እንደሆነ በካሜራው ስክሪን ብታሳዩ ነገሩ ይቀልላል።

አንድ ነገር ሳይረሳ፦ የጣና ዳር ጥልቀት የሌለው ውሃ ቢልሃርዚያ አለበት። ለተሻለ አንግል ብላችሁ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትንበርከኩ፤ ቦት ጫማ አድርጉ፣ ከጉልበት በታች ፕላስቲክ አንጥፉ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ገና ሳይነጋ ደንገል ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ።

ዕቃው

ከ90 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ያለ የማክሮ ሌንስ (የካኖን 100፣ የኒኮን 105፣ የታምሮን 90፣ የሲግማ 105) ለጀማሪም ለባለሙያም ይበቃል። በ1 ለ 1 ማጉላት ከሌንሱ ፊት እስከ ነፍሳቱ ከ13 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ለፍላሽም ለነፍሳቱም ሰላም የሚሰጥ ርቀት ነው።

ማክሮ ሌንስ ከሌለ ሦስት ርካሽ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ባዶ ማራዘሚያ ቱቦ ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ብትጨምሩ ግማሽ ያህል ማጉላት ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ሌንሱ ፊት ላይ የሚቆነጠጥ እንደ ሬይኖክስ ዲ.ሲ.አር 250 ያለ ተጨማሪ ሌንስ ነው፤ 8 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ስለሆነ 200 ሚሊ ሜትር ቴሌ ሌንስ ላይ 1.6 እጥፍ ያጎላል። ሦስተኛው ከካሜራው ጋር የመጣውን ከ18 እስከ 55 ሌንስ በቀለበት ገልብጦ መግጠም ነው። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ፣ ጣጣው ከሁሉም የበዛ ነው፦ ሲገለበጥ ከካሜራው ጋር ስለማይገናኝ አፐርቸሩን መቆጣጠር አይቻልም። የካኖን ኢ.ኤፍ ሌንስ ከሆነ መጀመሪያ በትክክለኛው ጎን ግጠሙ፣ ኤፍ 5.6 ላይ አድርጉ፣ የጥልቀት መመልከቻውን ቁልፍ ተጭናችሁ ሳትለቁ ሌንሱን ንቀሉ፤ አፐርቸሩ እዚያው ይቀራል። የኒኮን ጂ ሌንስ ደግሞ ሲነቀል ሙሉ በሙሉ ስለሚዘጋ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ምላስ በወረቀት ሽብልቅ ገፍቶ መያዝ ያስፈልጋል።

ካሜራችሁ ፎከስ ብራኬቲንግ (ካሜራው ራሱ ፎከሱን እየገፋ ብዙ ፍሬም የሚያነሳበት፤ ኒኮን ፎከስ ሺፍት ይለዋል) ካለው ሥራው ግማሽ ሆነ። ከሌለው የፎከስ ቀለበቱን በእጅ ማዞር ወይም ካሜራውን በሬል (በማዞሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚሄድ ትንሽ ሐዲድ) ላይ መግፋት ነው። ማጉላቱ ከ1 ለ 1 በታች ሲሆን ቀለበቱ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ሬሉ ይሻላል።

ትራይፖዱ መሬት ድረስ የሚወርድ ይሁን። ለማይወርድ ትራይፖድ አንድ ካልሲ ውስጥ ግማሽ ኪሎ የፎገራ ሩዝ ሞልታችሁ ቋጥሩት፤ ካሜራውን መሬት ላይ ደግፎ ይይዛል።

እርምጃውን ማስላት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የፍሬሙን ቁጥር በግምት ይወስናል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የአንዱን ፍሬም ጥልቀት ማወቅ፣ ከዚያ ሠላሳ በመቶ ያህል እንዲደራረብ አድርጎ እርምጃውን መወሰን፣ በመጨረሻ የነፍሳቱን ጥልቀት በእርምጃው ማካፈል ነው። ክሮፕ ሴንሰር ላይ ኤፍ 5.6 ከሆነ እነዚህን የእርምጃ ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው፦ በግማሽ ማጉላት 0.9 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ለ 1 ማጉላት 0.3 ሚሊ ሜትር፣ በ2 እጥፍ 0.12 ሚሊ ሜትር። በ4 እጥፍ የማይክሮስኮፕ ኦብጀክቲቭ (ወደ ናሙናው የሚዞረው ሌንስ፤ ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ፣ ኤን.ኤ የሚባለው፣ 0.10) 0.04 ሚሊ ሜትር፤ በ10 እጥፉ (ኤን.ኤ 0.25) ወደ 0.007 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ማጉላቱ እጥፍ ሲሆን እርምጃው በግማሽ ሳይሆን ከዚያም በላይ እንደሚቀንስ ልብ በሉ።

የሬሉን ጥርስ ለመለካት ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡና ጉብጉቡን (ማዞሪያውን) 10 ሙሉ ዙር አዙሩ፤ የተጓዘውን ለ10 አካፍሉ። አንዱ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሩብ ዙር 0.31 ነው፤ ለ1 ለ 1 ማጉላት የሚፈለገው ልክ ያ ነው። ጉብጉቡ ላይ በነጭ ቀለም አራት ነጥብ አድርጉ። ርካሽ ሬል በጥርሶቹ መካከል ላላታ ስላለው አቅጣጫ ስትቀይሩ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ካሜራውን አያንቀሳቅሱትም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመነሻው ትንሽ አልፋችሁ ወደ ኋላ ሂዱና በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያዞራችሁ ጀምሩ።

በካሜራው ውስጥ ያለው እርምጃ ከ1 እስከ 10 ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ በሚሊ ሜትር አይደለም። ለማወቅ ማስመሪያ በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ አቁሙ፣ በ1 ለ 1 ማጉላት 10 ፍሬም አንሱ፤ የጠራው ሰረዝ ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው ፍሬም ስንት ሚሊ ሜትር እንደተጓዘ ቁጠሩ። ያንን በ0.7 አባዙና ለ9 አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር የእናንተ ካሜራና ሌንስ እውነተኛ እርምጃ ነው። ይህ ሙከራ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ሳይሠሩት ሜዳ መውጣት ግን ጠዋቱን ያስበላል።

የኒኮን ካሜራ ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር አትደናገሩ፤ ስትጠጉ ኤፍ 2.8 የነበረው ራሱ ወደ ኤፍ 4.8 አካባቢ ይሄዳል። ብልሽት አይደለም፤ ካሜራው በተግባር የሚሠራውን አፐርቸር እያሳያችሁ ነው።

ብርሃን

የነፍሳት ቆዳ ያንጸባርቃል። የጥንዚዛ ጀርባ መስታወት ማለት ነው፤ ብርሃናችሁ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ባዶ ፍላሽ ከሆነ አንድ የተቃጠለ ነጭ ነጥብ ይወጣል፤ ያ ነጥብ ደግሞ ስታክ ውስጥ በየፍሬሙ እየሰፋ እየጠበበ ሶፍትዌሩን ያሳስታል።

መፍትሔው ማለስለሻው ከነፍሳቱ አንጻር ትልቅና ቅርብ እንዲሆን ማድረግ ነው። ለነፍሳት ትልቅ ማለት 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቅርብ ማለት ደግሞ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር። ከነጭ የዘይት ጀሪካን ጎን የተቆረጠ ፕላስቲክ ጥሩ ይሠራል (ቢጫው ጀሪካን ምስሉን ቢጫ ያደርገዋል)። ከእሱ በፊት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጠውን ትሬሲንግ ወረቀት ጨምሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው ብርሃኑን የሚያለሰልሰው፤ አንድ ላይ ከተለጠፉ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ቤት ውስጥ ለምትሠሩት ትንሽ ነገር በግማሽ የተቆረጠ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ወይም የነጭ ፕላስቲክ ኩባያ ቁራጭ ዙሪያውን ከልሎ የሚወዳደረው የለም።

ፍላሹን በእጅ ሞድ 1/16 ወይም 1/32 ኃይል ላይ አድርጉ። ሁለት ጥቅም አለው፦ በዚህ ኃይል ብልጭታው በጣም አጭር ስለሆነ ትንሽ ንዝረትን ያቆማል፤ ቶሎ ስለሚሞላም ፍሬም አይዘልም። ሙሉ ኃይል ላይ ብታነሱ ፍላሹ ሳይሞላ ካሜራው ያነሳል፤ መካከል ላይ አንድ ጥቁር ፍሬም ይገባል። ባትሪው የሚሞላ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይሁን፤ መብራት ባለበት ምሽት ሞልታችሁ አስቀምጡ፣ ለነገ ጠዋት አትበሉ።

ብዙ ካሜራዎች ፎከስ ብራኬቲንግ ላይ ሲሆኑ በኤሌክትሮኒክ ሸተር ስለሚያነሱ ፍላሽ አይበራም። የእናንተው እንዴት እንደሆነ ቤት ሳላችሁ ሞክሩ። የማይበራ ከሆነ የጠዋቱን ለስላሳ ብርሃን ተጠቀሙ፤ ፀሐይ ከወጣች ነጭ ጃንጥላ በላዩ ዘርጉ። ጃንጥላው ነፋስንም ይከልላል፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ማለት ይኸው ነው።

ደንገል ላይ ያለችው ተርብ

ቅደም ተከተሉን በአንድ ምሳሌ እንይ። ሰዓቱ 12 ከ50፣ ተርቧ ከውሃው አንድ ሜትር ገባ ብሎ ባለ ደንገል ላይ ራሷን ወደ ላይ አድርጋ ተለጥፋለች። ዓይኗ ላይ የጤዛ ነጠብጣብ በረድፍ ተደርድሯል፤ ወደ አንዱ ነጠብጣብ ብትጠጉ ከኋላዋ ያለው ሰማይ ተገልብጦ ይታያል።

ከሩቅ ሆናችሁ ትራይፖዱን ዝቅ አድርጉ፤ እግሮቹን ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን ደንገሉ ሥሮቹ የተያያዙ መሆኑን አስቡ፤ አንዱን ከረገጣችሁ የእሷም ግንድ ይነቃነቃል። ጥላችሁ እንዳያርፍባት በፀሐይ መውጫውና በእሷ መካከል አትቁሙ። ቀስ ብላችሁ ቅረቡ፤ የተርብ ዓይን ከዝግታ ይልቅ ለድንገተኛ እንቅስቃሴ ነው የሚነቃው።

ግንዱን አስሩ። አንድ ቀጭን ዱላ ከግንዱ አጠገብ ጭቃው ውስጥ ትከሉ፣ ጫፉ ላይ የልብስ መቆንጠጫ እሰሩ፤ ከተርቧ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ግንዱን ቆንጥጡት። ከእሷ በላይ መቆንጠጥ አይሞከርም፤ ትበራለች።

ካሜራውን ሙሉ በሙሉ በእጅ ሞድ አድርጉ፦ ራው ፋይል፣ ኤፍ 5.6፣ አይ.ኤስ.ኦ 200 ወይም 400፣ የነጭ ሚዛን የተቆለፈ (ደመና ወይም 5500 ኬልቪን)። ትራይፖድ ላይ ስላላችሁ ማረጋጊያውን አጥፉ። ፎከስ ብራኬቲንግ የምትጠቀሙ ከሆነ ሌንሱ ላይ ያለው ማብሪያ ኤ.ኤፍ (ራስ ሰር ፎከስ) ላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ ኤም.ኤፍ (የእጅ ፎከስ) ላይ ከተረሳ ካሜራው ሌንሱን ማንቀሳቀስ ስለማይችል 46 አንድ ዓይነት ፍሬም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

አንግሉን በጥልቀት ሳይሆን በጎን ምረጡ። ከግንባሯ ፊት ለፊት ሆናችሁ እስከ ጅራቷ ብታነሱ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ማለት ነው፤ ከ130 ፍሬም በላይ ያስፈልጋል። ከጎን ሩብ ያህል ዞር ብላችሁ ራሷንና የክንፏን ሥር ብቻ ብትይዙ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። 12 ለ0.3 ሲካፈል 40 ፍሬም፤ ከፊት 3፣ ከኋላ 3 ተጨማሪ፣ በድምሩ 46። ከፊት ያሉትን ሦስቱን አትሰስቱ፤ የፊት እግሯ ጸጉር ከዓይኗ ቀድሞ እንደሚወጣ ኮምፒውተር ላይ ስታዩት ነው የምትነቁት።

የመጀመሪያውን ፍሬም ከሁሉም ቀድሞ በሚወጣው ጸጉር ፊት፣ አየር ላይ፣ ጀምሩ። በሁለት ሰከንድ መዘግየት ወይም በሪሞት አስጀምሩና እጃችሁን አንሱ። እስኪያልቅ እግር አታንቀሳቅሱ፤ ጭቃው ለስላሳ ስለሆነ የክብደታችሁ መዛወር ትራይፖዱን ያዘነብለዋል። እንዳለቀ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፍሬም አጉልታችሁ የአንቴናዋን አቀማመጥ አወዳድሩ። ከተለወጠ ወዲያው ድገሙ። ከተመቸ ሁለቴ ሦስቴ ማንሳት ልማድ ይሁን፤ ሜዳ ላይ የሚሳካው ስታክ ከሚከሽፈው ያነሰ ነው።

ለማይቆሙት ነፍሳት ይህ ሁሉ አይሠራም። ጉንዳን ፈጽሞ አትቆምም፤ ቅጠል ላይ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አንዲት ጠብታ ማር በውሃ አኑሩላት፣ ስትጠጣ ቆም ትላለች። ያኔ ትራይፖድ ሳይሆን በእጅ ነው፦ ፎከሱን ቆልፉ፣ በተከታታይ ማንሻ፣ ፍላሹን 1/32 ላይ አድርጋችሁ ሰውነታችሁን ወደ ፊት በዝግታ ዘንበል አድርጉ። ግራ እጃችሁ ቅጠሉን ይያዝ፣ ሌንሱ ግራ እጃችሁ ላይ ይደገፍ፤ ቅጠሉም ካሜራውም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ከ15 ፍሬም 8 ያህሉ ተከታትለው ከገጠሙ ጥሩ ነው።

ገና ለሚጀምር ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቀለው የእሳት እራት ናት። በበረንዳ መብራት ሥር ግድግዳ ላይ ጠዋት ጠፍጣፋ ሆና ተለጥፋ ትገኛለች፤ ወፍ ሳይቀድማችሁ ድረሱ። ከ10 እስከ 15 ፍሬም ይበቃታል።

ቤት ውስጥ፦ ከሽንብራ ማሰሮ የተገኘ ነቀዝ

ከሁለት እጥፍ በላይ ማጉላት ሲሄድ ሜዳውን እርሱት። ለመለማመጃ ከሽንብራ ማስቀመጫ የተገኘ የሞተ ነቀዝ ወርቅ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ጸጉሩና ዓይኑ አስገራሚ ነው። ቆይቶ ደርቆ ከሆነ ክዳን ባለው ሳህን ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አጠገብ (ጨርቁ ሳይነካው) አንድ ቀን ብታሳድሩት እግሮቹ ይለሰልሳሉ። በአልኮል ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ጥረጉ። በ4 እጥፍ ላይ አንዲት የዱቄት ቅንጣት ድንጋይ ታክላለች፤ ከስታኩ በኋላ በኮምፒውተር ከማጥፋት አሁን 5 ደቂቃ መጥረግ ይሻላል። በመርፌ ጫፍ ላይ በትንሽ ሙጫ ከሆዱ በኩል አጣብቁት፣ መርፌውን ፕላስተሊን ላይ ትከሉ። ሕያው ነፍሳትን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ማደንዘዝ የሚመክሩ አሉ፤ አቀማመጣቸው እንደ በድን ስለሚሆን ምስሉ ላይ ያስታውቃል፤ ነፍሳቱም ይጎዳሉ። አይደረግ።

ባለ 160 ሚሊ ሜትር ቱቦ የተማሪ ማይክሮስኮፕ 4 እጥፍ ኦብጀክቲቭ ርካሽና በቂ ነው። ከኦብጀክቲቩ ትከሻ እስከ ሴንሰሩ 150 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የካኖን ኢ.ኤፍ አካል ራሱ 44 ስለሚወስድ ቀሪውን 106 ሚሊ ሜትር በማራዘሚያ ቱቦና በመቀየሪያ ቀለበት ትሞላላችሁ። የቱቦው ውስጥ ግድግዳ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በጥቁር ወረቀት ሸፍኑት፤ አለዚያ መሐል ላይ ነጣ ያለ ጭጋግ ይወጣል።

ንዝረት እዚህ ዋናው ጠላት ነው። ካሜራውንና ነቀዙን በአንድ ሳንቃ ላይ አስሩ፤ ሳንቃው ቢንቀጠቀጥ ሁለቱም አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ሳንቃውን በግማሽ በተነፋ የባጃጅ ካላማዳሪ ላይ አስቀምጡት፤ በመንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪናና የፍሪጁ ሞተር እዚያው ይቀራል። በተራ የኤል.ኢ.ዲ አምፖል አትሥሩ፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ሊርገበገብ ይችላል፤ በኤሌክትሮኒክ ሸተር ምስሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ሰንበር ይወጣል። በፍላሽ ነው የሚሠራው። በ4 እጥፍ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ለ0.04 ሲካፈል ወደ 40 ፍሬም ነው።

ማዋሃድና የሚገጥሙ ብልሽቶች

ሁሉንም ራው ፋይሎች በአንድ ዓይነት ማስተካከያ ቀይሩ፤ ሻርፕነሱን ዝቅ አድርጉ፣ ሰንሰሩ ላይ ያለውን ነጠብጣብ እዚሁ አጥፉ። ባለ 24 ሜጋፒክስል አንድ ባለ 16 ቢት ቲፍ 144 ሜጋባይት ነው፤ 46ቱ ወደ 6.6 ጊጋባይት ይሄዳሉ። ኮምፒውተራችሁ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለው መጀመሪያ በጄፔግ ሞክሩ።

ፎቶሾፕ ካላችሁ በፋይል ሥር ስክሪፕትስ፣ ከዚያ ሎድ ፋይልስ ኢንቱ ስታክ፤ ሁሉንም ሌየር መርጣችሁ ኤዲት ውስጥ አውቶ አላይን፣ ቀጥሎ አውቶ ብሌንድ፣ ስታክ ኢሜጅስ። ለ10 ፍሬም ያገለግላል፤ ለ40 ይንቀራፈፋል፣ ጸጉር ላይም ይሳሳታል። ሄሊከን ፎከስና ዜሪን ስታከር ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ያለ ክፍያ ከሆነ ሁጂን የሚያሰልፈውን ኤንፊዩዝ ያዋህደዋል፤ የኮንትራስት ክብደቱን 1፣ የኤክስፖዠርና የሳቹሬሽን ክብደቱን 0 አድርጉ፣ ሃርድ ማስኩን አብሩ።

ሁለት ዓይነት ስሌት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ፒራሚድ የሚባለው (ዜሪን ላይ ፒማክስ፣ ሄሊከን ላይ ሜተድ ሲ) የሚደራረቡ ጸጉሮችንና እግሮችን በሚገባ ይለያል፤ ግን ኖይዝ ያበዛል፣ ቀለሙንም ያጠነክራል። የጥልቀት ካርታ የሚባለው (ዲማፕ ወይም ሜተድ ቢ) ቀለሙን እንዳለ ይጠብቃል፤ ጸጉር ላይ ግን ይሰናከላል። ሜተድ ቢን በራዲየስ 8ና በስሙዚንግ 4 ጀምሩ። የሠለጠነው አሠራር ሁለቱንም ማውጣትና ዲማፑን መሠረት አድርጎ፣ ጸጉሩና አንቴናው ላይ ብቻ ከፒማክሱ በብሩሽ ማምጣት ነው።

የሚወጣው ምስል ላይ የተለያየ እንከን ይታያል፤ መነሻቸውም የተለያየ ነው። በሰውነቷ ላይ የጠራ፣ የደበዘዘ፣ የጠራ እየተባለ ሰንበር ከታየ እርምጃው ሰፍቷል፤ ሶፍትዌር አያድነውም፣ ዳግም ማንሳት ነው። አንቴናዋ ሁለት ሦስት ሆኖ ከወጣ ተንቀሳቅሳለች፤ ከአንዱ ፍሬም ላይ አንቴናውን ብቻ በብሩሽ መውሰድ ይቻላል። ከጠርዟ ዙሪያ ነጣ ያለ ጥላ ከታየ ከኋላዋ ያለው ዳራ በጣም ብሩህ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ አረንጓዴ ቅጠል ወይም ጠቆር ያለ ካርቶን ከ20 ሳንቲ ሜትር ኋላ አቁሙ። ከዳር ወደ መሐል የተሰመረ የነጥብ ሰልፍ ሰንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ነው፤ ፎከሱ ሲለወጥ ምስሉ በትንሹ እየሰፋ ስለሚሄድ ሶፍትዌሩ ሲያሰልፈው አንዱ ነጠብጣብ መስመር ሆኖ ይቀራል። በአራቱም ጠርዝ የተጎተተ የሚመስል መስመር ከዚሁ ማሰለፍ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ስታነሱ ከዳር ዳር 10 በመቶ ያህል ትርፍ ተዉ፣ በኋላ ይቆረጣል።

ነፍሳቷን ለመለየት የሚፈልግ ሰው ካለ አንድ ቆንጆ ምስል አይበቃም፤ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት የተነሱ ሦስት አጫጭር ስታኮች ይሻላሉ፣ ለተርብ ደግሞ የክንፏ ሥርና የጅራቷ ጫፍ ይካተት። ልኬቱን ለማስገባት ማጉላቱን ሳትነኩ ማስመሪያ አንድ ፍሬም አንሱ፤ 1 ሚሊ ሜትሩ ስንት ፒክስል እንደሆነ ቁጠሩና ያንን ያህል ርዝመት ያለው ነጭ መስመር ከሥዕሉ ግርጌ አስምሩ። ማስመሪያውን ግን ተርቧ ከበረረች በኋላ ነው የምታነሱት፤ ትራይፖዱን ሳትነቅሉ።